የአባትዎን ቮልስ ፈተው ከመበተንዎ በፊት

ጥያቄ፦ «አባቴ ትተውልን ያለፉት ቮልስዋገን 1300 ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ከቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን 1967 ይላል። ዘንድሮ ክረምቱን ግቢያችን ባለው ጋራዥ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈትቼ፣ ቀለሙን ልጬ፣ ለእንቁጣጣሽ ማስነሳት እፈልጋለሁ። አዲስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገዝቻለሁ። ከሶማሌ ተራ ደግሞ የ1600 ሞተር አግኝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። የሰፈራችን ባትላሜራ ወለሉን አይቶ ‹ትንሽ ዝገት ነው፣ በፋይበርና በስቱኮ ይደፈናል› ብሎኛል። አንድ የድሮ ሹፌር ደግሞ የአሁኑ ቤንዚን ሊድ (የእርሳስ ማዕድን) ስለሌለው ሞተሩን ይጨርሰዋል አሉኝ። ከየት ልጀምር? ከቀለሙ ነው ከሞተሩ? ፎቶ አያይዣለሁ።» (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

ምላሽ፦

ከሁለቱም አይጀምሩ። ቮልስ ዕድሜው የሚያልቀው ከወለሉ በኩል ነው። ሞተሩ በአራት ቡሎን የተያዘ፣ ሁለት ሰው በክሪክ አውርዶ በሌላ ቀን የሚመልሰው ዕቃ ነው፤ ቀለም ደግሞ ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥኖች ከበሰበሱ ግን ያማረ ቀለምም ሆነ የታደሰ ሞተር ዋጋ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ መፍታት ሳይሆን መመርመር ነው። ምርመራው የሚጠይቀው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ ክሪክና ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

«እስከ መጨረሻው ቡሎን» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ይተዉት። በቤት ጋራዥ ተጀምረው የሚቀሩ መኪኖች በአብዛኛው የሚቀሩት ሥራው ከብዶ ሳይሆን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚፈታ ነው። የተፈታ መኪና ግቢውን ያጣብባል፣ ቡሎኖቹ ይቀላቀላሉ፣ የትኛው ሮንዴላ ከየት እንደወጣ ከወራት በኋላ የሚያስታውስ አይኖርም። በመሃል ገንዘብ ካጠረ ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ ክፍል ይፍቱ፣ ይጠግኑ፣ መልሰው ይግጠሙ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እየፈቱ ሳሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ቡሎኖቹን የወጡበትን ቦታ በጻፉበት ፌስታል ለየብቻ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ባትሪው። የገዙትን ባትሪ ገና አያገናኙት። ሊብሬው ላይ ያለው 1967 የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጣራ ምን ዓይነት መኪና እንደያዙ ማወቅ አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ መኪናው እ.ኤ.አ. የ1974 ወይም የ1975 ነው። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ የተወሰዱት በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው 1967ን ከቮልስ ጋር አያይዞ ያስታውሳል፤ የእርስዎ ሊብሬ ግን የሚናገረው ስለ ፈረንጆቹ ዓመት ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የኤሌክትሪኩም የፍሬኑም አሠራር በእነዚህ ዓመታት መካከል ተለውጧል።

እውነተኛው መልስ ብረቱ ላይ ተመትቷል። የኋላውን መቀመጫ ሲያነሱ በመኪናው መሃል በሚያልፈው ቶኔል ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ያገኙታል። ፋብሪካው ከእ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛውን አኃዝ ለሞዴል ዓመት ተጠቅሞበታል፤ ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ117 ከጀመረ መኪናው ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። አሥር አኃዝ ኖሮት በ117 የሚጀምር ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. የ1977 ሞዴል ነው። ፎቶዎም ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ የፊት መብራቱ መስታወት የፓራፋንጎውን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ኋላ አዘንብሏል። ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣ 1300 ቢሆን ኖሮ መስታወቱ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር።

እንዲህ ከሆነ መኪናዎ ከፋብሪካ የወጣው በ6 ቮልት ነው። በኋላ ወደ 12 ተለውጦ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ተለውጠዋል፣ ነገር ግን አይገምቱ። ዲናሞው ላይ ያለውን ጽሑፍና አምፖሎቹ ላይ የታተመውን ያንብቡ። አሮጌው ባትሪ ካልተጣለ ክዳኖቹን ይቁጠሩ፤ ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ 12 ነው። መኪናው አሁንም 6 ቮልት ከሆነ ወደ 12 መለወጡን እደግፋለሁ፣ ምክንያቱም አምፖልና ባትሪ እንደልብ የሚገኘው ለ12 ነው። ሆኖም ልወጣው ባትሪ መቀየር ብቻ አይደለም፤ ዲናሞው ከነሬጉሌተሩ፣ ቦቢናው፣ የካርቡራተሩ ቾክ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ የፍሬቻው ሪሌና አምፖሎቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። አንድ ነገር ደግሞ በዚሁ ይያዙልኝ፦ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ መሸፈኛው ከጠፋ ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሳል። መሸፈኛ ሳያደርጉ መቀመጫውን አይመልሱ።

ወደ ወለሉ እንግባ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ ያንሡና ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያሉ ይፈትሹ፤ ከባትሪው ሥር፣ ከሹፌሩ ተረከዝ ሥር፣ ቡሎኖቹ በተደረደሩበት ዳር ዳሩን። ጤነኛ ላሜራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ካቻቢቴውን ይውጠዋል። ከባትሪው ሥር ያለው ቀዳዳ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ለዓመታት የተንጠባጠበው አሲድ ሥራ ነው፣ የማይገኝበት ቮልስ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ክሪኩን በጎን በኩል ፋብሪካው በሠራለት ቦታ አስገብተው ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ከፍ ያድርጉ። ከሥሩ አይግቡ። በሩን ከፍተው ይዝጉት። እንደ ወትሮው ከገጠመ ደግ ነው። ከያዘ፣ ወይም በበሩና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት ክሪኩ ሲወጣና ሲወርድ ከተለወጠ መኪናው ወገቡ ላይ እየታጠፈ ነው። ክሪኩ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቮልስ ከላይ ካሮሴሪያ (የመኪናው አካል)፣ ከታች ወለሉ ከነመሃል ቶኔሉ ሆኖ በዙሪያው በተደረደሩ ቡሎኖች የተያያዘ ነው። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት ባዶ ሳጥኖች ሙቅ አየርን ከሞተሩ ወደ ፊት መስታወት ያደርሳሉ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚህ ሥራቸው ነው። ካሮሴሪያው እንዳይታጠፍ የያዙትም ግን እነሱ ናቸው። ሙቀትና እርጥበት ስለሚፈራረቅባቸው፣ ከተሰነጠቀ የመስታወት ጎማ የሚገባው የክረምት ውሃም እዚያው ስለሚተኛ የሚበሰብሱት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ የሚታየው ጥቂት ነጠብጣብ ይሆንና ውስጡ ግን ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ባትላሜራው «ትንሽ ዝገት» ያለው ነጠብጣቡን አይቶ ይመስለኛል።

ስለዚህ በፋይበርና በስቱኮ የሚለውን አይቀበሉ። ስቱኮ የተሠራው በጤነኛ ብረት ላይ ያለ ስርጉድን ለማስተካከል ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ መሰንጠቁ አይቀርም። ፋይበር ደግሞ ከዛገ ላሜራ ጋር በደንብ አይጣበቅም፣ ክብደት አይሸከምም፣ ከኋላው የገባውን ውሃ ይዞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ማግኔቱ ያስፈለገኝም ለዚህ ነው፦ በበሮቹ ሥር፣ በፓራፋንጎዎቹ ዙሪያና ከፊት ትርፍ ጎማው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ያንሸራትቱት። የማይዝበት ቦታ ካለ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ደፍኖታል ማለት ነው።

ምርጫዎ ሦስት ነው። ጉዳቱ ከባትሪው ሥር ብቻ ከሆነ የተበላውን ቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መተካት ይበቃል። ወለሉ በሰፊው ከሄደ ግማሽ ወለሉን፣ ማለትም የግራውን ወይም የቀኙን ሙሉ ላሜራ መለወጥ ነው። ሳጥኖቹ ካለቁ ግን አንድን ጎን ሳጥኑን ከነወለሉ መሥራት ግድ ይላል። መጽሐፍት በዚህ ጊዜ ካሮሴሪያውን ሙሉ በሙሉ ከወለሉ አንሥቶ መሥራትን ይመክራሉ። እኔ ለእርስዎ አልመክርም። የተነሣ ካሮሴሪያ ሳጥኖቹ የበሰበሱ ከሆነ በራሱ ክብደት ይጣመማል፣ ሰፊ ቦታና ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ በቤት ጋራዥ ደግሞ ተመልሶ ሲገጥም ቀዳዳዎቹ አልገናኝ ማለታቸው የተለመደ ነው። ካሮሴሪያው በቦታው እንዳለ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ይጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሂዱ። ያልተነካው ጎን የተቆረጠውን ይይዘዋል።

ከመቁረጥዎ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ፣ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ፣ ጠንካራ የብረት ቱቦ ያስበይዱ። በሩን ራሱን አያውርዱት፤ እየደጋገሙ ዘግተው የሚለኩበት ብቸኛው መሣሪያዎ እሱ ነው። ብየዳው በሚሠራበት ጊዜ መኪናው በክሪክ ሳይሆን በአራት ካባሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ልኩ ተስተካክሎ መቀመጥ አለበት። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ወለል ከተገኘ ይግዙት፤ ቮልስ ጀርመን ውስጥ እስከ 1978፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ ዕቃው ዛሬም በውጭ አገር እየተሠራ ይሸጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ፖምፖችንና የጎማ ዕቃዎችን በሻንጣ ማስመጣት ይቀላል፤ ወለልና ሳጥን ግን ግዙፍ ስለሆነ እዚሁ ማሠራት ሳይሻል አይቀርም። እዚህ ሲያሠሩ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ የፋብሪካው ወለል ላይ የተመቱት ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፣ ቀጭኑን ላሜራ ጠንካራ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ለጥ ያለ ላሜራ ተቆርጦ ከተበየደ ወለሉ እንደ ከበሮ ሲደበድብ ይኖራል። ሳጥኑም ሲሠራ ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ዳዶዎች ከውስጥ በወፍራም ብረት ላይ ተበይደው እንጂ በላሜራው ላይ ብቻ እንዳይያዙ።

ብየዳውን ራስዎ ካልተካኑበት ለባለሙያ ይስጡ፤ ቢያንስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ የሽቦ ብየዳ ያለውን ይፈልጉ፣ ምክንያቱም በተራ ኤሌክትሮድ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲበየድ መቅደዱ አይቀርም። ባትሪው ይውጣ። ከፊት ኮፈን ሥር ያለው ሰልባትዮም (የቤንዚን ጋኑ) ይውጣና ከጋራዡ ይራቅ፤ ባዶ ነው ተብሎ አይተው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ከወለሉ ሥር የተቀባው ሬንጅ በሌላው ወገን ሲበየድ ስለሚቀጣጠል አስቀድሞ ይፋቅ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ማንም በግራይንደር እንዳይነካው፣ በወፍራም ቀለምም እንዳይደፍነው፤ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ ቁጥሩና ሊብሬው ካልተገናኙ የለፉበት ሁሉ ጣጣ ይሆናል።

ስለ ቀለም ባጭሩ። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ ይሥሩ፣ ልጆችን ያርቁ። ዝገቱ ተጠርጎ የወጣ ብረት በክረምት አየር ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ ስለሚዝግ የዚያኑ ዕለት አንቲሩጂኒ (ፀረ ዝገት ቀለም) ይቀባ። የመጨረሻውን ቀለም ግን ግቢ ውስጥ አይርጩ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ዘመናዊ ቀለሞች ትነታቸው ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፣ ተራ ማስክም አይከላከለውም። መኪናው ሄዶ፣ ቆሞ፣ ለጥቂት ወራት ተነድቶ ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ ፎርኖ ወዳለው ቤት ይውሰዱት። አዲስ የተበየዱት ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ፀረ ዝገት ሰም ማስረጨትዎን አይርሱ።

ከወለሉ ምርመራ ቀጥሎ ፍሬን ነው፣ ሞተር አይደለም። በእርስዎ ዘመን የነበረው 1300 አራቱንም ጎማ የሚያቆመው በአንድ የዘይት መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ነክቶ ይቀራል፣ የሚቀርልዎ የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ባለ ሁለት መስመሩ ማስተር ሲሊንደር የመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት በቆመ መኪና ላይ «ይይዛል» የሚባል ነገር የለም። ማስተር ሲሊንደሩን፣ አራቱን የጎማ ሲሊንደሮችና የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ይለውጡ። የቆየ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ አብጦ ይዘጋል፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ አልለቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ማስተር ሲሊንደሩን በሚለውጡበት ጊዜ ባለ ሁለት መስመሩን ማስገጠም ይቻላል፣ እመክራለሁም። ታምቡሮቹን ሲከፍቱ ውስጥ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር እንዳይነፉት፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉትና ጨርቁን ይጣሉ። የኋላው ታምቡር ባለ 36 ቁጥር ዳዶ እስከ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ መጠበቅ አለበት። በትንሽ ቁልፍ ጠበቅ አድርጎ መተው በጊዜ ብዛት የታምቡሩን ጥርስ ይበላዋል።

አሁን ነዳጁ። ሰልባትዮ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ዛሬ ቤንዚን አይደለም፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚሸት ሙጫ ሆኗል፣ ካርቡራተሩንም ደፍኗል። ሰልባትዮውን አጥበው ያድርቁ፣ ካርቡራተሩን ፈተው ያጽዱ፣ ከፊት እስከ ኋላ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ ይጣሉና ኤታኖል የሚቋቋሙ አዲስ ይግጠሙ። በአገራችን ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው ጊዜያት አሉ፤ የድሮ ጎማ ደግሞ በኤታኖል ይላሽቃል። ቮልሶች በእሳት የሚወድሙበት ዋና መንገድ አንድ ነው፦ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው ትንሽ የነሐስ ቱቦ በንዝረት ይላላል፣ ቱቦው ከነጎማው ይወልቃል፣ ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለ ሞተርና በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይረጨዋል። የነሐሱን ቱቦ በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ካርቡራተሩ ቶርኖ ቤት ይሂድና ይጠገን። በእያንዳንዱ የጎማ ቱቦ ጫፍ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ይታሰር። የፕላስቲክ ፊልትሮ ከሞተሩ በላይ አይንጠልጠል፣ ከሰልባትዮው ሥር ይሁን። የሞተሩ ገላ ማግኒዥየም የበዛበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል፤ ጋራዡ ውስጥም መኪናው ውስጥም የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑርዎት።

ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ለማስነሳት አይሞክሩ። ካንዴላዎቹን ያውጡ፣ በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅለው ያፍስሱ፣ ሁለት ቀን ይተዉት፣ ከዚያ ዲናሞው ላይ ባለው ባለ 21 ቁጥር ዳዶ በእጅ ያዙሩት። ከዞረ ወደ ታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት መዘውር) ይሂዱ፣ በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ራስዎ ይጎትቱት፣ ወደ ሞተሩም ይግፉት። ደህና ሞተር ላይ ይህ እንቅስቃሴ በእጅ አይታወቅም፤ ከ0.15 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች የተቀመጡበት ገላ ተበልቷል፣ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት። ካልሰሙ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው።

ቮልስ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ አሥር ዓመት የቆመ ሞተር ላይ አንድ የማይታይ ጠላት አለ፤ የአይጥ ጎጆ። ማራገቢያው የሚነፋበት የላሜራ ሽፋን ውስጥ ሳርና ጨርቅ ታጭቆ ሲሊንደሮቹን ያፍናል። ሞተሩ ይነሳል፣ ያምራል፣ ከደብረ ዘይት ሳይደርስ ይነክሳል። ሽፋኑን ሳያነሡና የሲሊንደሮቹን ክንፎች ሳያጸዱ መኪናውን አይንዱ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ላሜራዎችና ጎማው ሁሉም በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ። እነዚህ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክሉ ግድግዳዎች ናቸው፤ ብዙ መካኒክ ግን «ትርፍ ነው» እያለ ይጥላቸዋል፣ ከዚያ ባለመኪናው የኋላውን ኮፈን በእንጨት ደግፎ ከፍቶ ይነዳል። ኮፈን መክፈት የጎደለውን ላሜራ አይተካም። የዲናሞው ቀይ መብራት እየነዱ ሳለ ከበራም «ቻርጅ ነው፣ ቤት ስደርስ» አይበሉ፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ይቁሙ።

የሊድ ነገር የሚያስጨንቅዎ አይደለም። የሹፌሩ ምክር ለአንዳንድ የብረት ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ላላቸው የድሮ ሞተሮች እውነት ነው። የቮልስ ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ሆኖ ቫልቮላዎቹ የሚያርፉበት ቀለበት ለብቻው የገባ ጠንካራ ብረት ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ሊድ ያለውን ቤንዚን ከተወ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት ሆኖታል፣ የአዲስ አበባ ቮልሶችም ይኸው ይሄዳሉ። ቫልቮላ የሚያቃጥለው ሙቀትና ያልተስተካከለ ክፍተት ነው፣ በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የሚመጣለትን አየር ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት የቫልቮላዎቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ ዘይቱን፣ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ቢበዛ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡ። ይህ ሞተር ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ የለውም።

መጽሐፍ ላይ ያገኟቸውን ቁጥሮች ሁሉ ግን እንዳሉ አይውሰዱ፤ የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት የኮምፕሬሽን መለኪያው ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ «ሞተሩ አልቋል፣ ፒስቶንና ፋሻ ይለወጥ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያወዳድሩ። ከተቀራረቡ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ችግሩ እዚያ ነው። ካርቡራተሩም በፋብሪካው ጂግለር (የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ) ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይኖረዋል። ዋናው ጂግለር 125 ከሆነ ወደ 120 ወይም ወደ 117.5 ማውረድ ለከተማው ይስማማል። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ በሚወርዱበት ጊዜ ግን የቀድሞውን ይመልሱት፤ ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ይግልና ፒስቶን ይበሳል።

እንቁጣጣሽን በተመለከተ፦ አይደርስም። ክረምቱ ለብየዳም ለቀለምም አመቺ አይደለም፣ ነገር ግን በጋራዡ ጥላ ሥር ለሚሠራ ሥራ ይበቃል። እስከ መስከረም ምርመራውን፣ ፍሬኑን፣ ሰልባትዮውንና ካርቡራተሩን ይጨርሱ፤ የላሜራውን ሥራ ለጥቅምትና ኅዳር ያቆዩት። በየቅዳሜና እሑዱ የሚሠራ ሰው መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና በዓመት፣ ቀለሙ ያለቀለት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኛል። ለባትላሜራው ክፍያውን በሥራው ደረጃ ይከፋፍሉት፤ ዋናው ወጪዎ እዚያ ስለሆነ አስቀድመው ሙሉ አይክፈሉ። መኪናው እንደማይሆን ተስፋ ቆርጠው ለሌላ አካል ለመሸጥም አይቸኩሉ፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ሌላ ቮልስ ከውጭ የሚመጣበት መንገድ የለም።

የቀረው የ1600 ሞተር ነው። ፈተናው ይገባኛል፤ 1300ው ከፋብሪካ የወጣው በ40 ፈረስ ጉልበት ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ የሚቀረው ወደ 30 ነው። 1600ው 50 ስላለው እንጦጦን ሲወጣ ልዩነቱ ይታወቃል። ነገር ግን የ12 ቮልቱ ዘመን ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ መዘውር) 130 ጥርስ አለው፣ የ6 ቮልቱ 109፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የካምቢዮው ቤት መፋቅ፣ ሞተሪኖውም መለወጥ ይኖርበታል። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገናኝም። ምን ያህል እንደተበላ የማይታወቅ ሞተርም ነው። የአባትዎ ሞተር የፑሌጃውን ፈተና ካለፈ እሱኑ ይሥሩት። ጉልበቱ ካነሰዎት ሞተሩ በሚከፈትበት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገላውን ለ85.5 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር እንዲያሰፋው ማድረግና ተስማሚውን ቴስታታ መግጠም ይቻላል፤ ክራንክ ሻፍቱ ፒስቶኑን የሚያስኬድበት ርቀት በሁለቱም ያው 69 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሞተር ቁጥሩም አይለወጥም። ቀብዱን ይጠይቁ፤ ነጋዴው ገንዘቡን አልመልስም ካለ በዋጋው ልክ ማስተር ሲሊንደር፣ የፍሬን ሸራና የጎማ ቱቦዎች ይውሰዱበት።